ዲስክ ሲጎዳ የሚናገርና የማይናገር ማከማቻ፦ ለባሕር ዳር ስቱዲዮዎችና ቢሮዎች የሬይድ ንጽጽር

በሦስት ካሜራ ለ6 ሰዓት የተቀረጸ ሰርግ፣ ካሜራዎቹ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፉ ከሆነ፣ 810 ጊጋባይት ይይዛል። ጥር ላይ አምስት ሰርግ የተቀበለ ስቱዲዮ 4 ቴራባይት የሚሆን፣ ዳግም ሊቀረጽ የማይችል ሥራ እጁ ላይ አለ ማለት ነው። ሬይድ፣ ማለትም አንዱ ዲስክ ቢሞት ዳታው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራ ማከማቻ፣ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ሱቅ ሲገባ ግን ብዙው ሰው የሚጠይቀው «ስንት ቴራ ነው? ስንት ዲስክ ይይዛል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲቀድም እንፈልጋለን፦ ከዲስኩ አንድ ቦታ ሲበላሽ ይህ ዕቃ ለማን፣ በምን መንገድ፣ ምን ብሎ ይናገራል?

ሙሉ በሙሉ የሞተ ዲስክ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ይታወቃል፣ ይቀየራል። የሚያስፈራው በከፊል የተጎዳው ነው። ጥቂት ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የማከማቻ ክፍሎች) ሲበላሹ ዲስኩ ሥራውን አያቆምም፤ ያንን ቦታ የሚያነብ እስኪመጣ ድረስም ማንም አያውቅም። በሁለት ዲስክ ሚረር (ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅጂ በሚይዙበት ሬይድ) ላይ አንዱ እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ ለወራት ሲቆይ፣ አንድ ቀን ጤነኛው ይሞታል። አዲስ ዲስክ ተገዝቶ ዳታው መገልበጥ ይጀምራል፤ ቁስሉ ጋ ሲደርስ ግን የሚነበብ ሌላ ቅጂ የለም። ሬይድ እያለ ፋይል የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ስለዚህ አምስቱን አማራጮች የመዘንናቸው በሦስት ነገር ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ ትክክለኛውን ያውቃል ወይ? የተጎዳውን ፋይል በስሙ ይጠራል ወይ? ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም መልእክቱ ሰው ጋ ይደርሳል ወይ? ሦስተኛውን እዚህ ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው አቅልሎ ሊያየው አይገባም።

ዜድኤፍኤስ

ፋይሎችን የሚያደራጅ፣ ሬይዱንም ራሱ የሚያስኬድ ፋይልሲስተም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የሚስተካከለው የለም። ለእያንዳንዱ የዳታ ብሎክ ቼክሰም (ከዳታው የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) ስለሚይዝ፣ ሁለት ቅጂ ሲለያይ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ከጤነኛው አንብቦ የተጎዳውን ያድሳል። «ዜድፑል ስታተስ» የሚለው ትዕዛዝ ዲስኮቹን ደርድሮ ከእያንዳንዱ ፊት «ሪድ»፣ «ራይት» እና «ሲኬሰም» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሳያል። ዲስኩ «ኦንላይን» እየተባለ «ሲኬሰም» ሥር 14 ቢመጣ፣ 14 ጊዜ የተነበበው ዳታ ከቼክሰሙ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ከበላዩ የሚመጣው ጽሑፍ «ሊታረም የማይችል ስህተት ደርሷል» ስለሚል ያስደነግጣል። ቀጥሎ ያለውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ «አፕሊኬሽኖች አልተነኩም» ካለ ዲስኩ ስህተት ፈጽሟል፣ ፋይልዎ ግን በሌላው ቅጂ ድኗል።

ሁለቱም ቅጂ ከተበላሸ ደግሞ በትዕዛዙ ላይ ሰረዝ ቪ ሲጨምሩ የፋይሎቹን ስም ከነፎልደሩ ይዘረዝራል። ይህ ብቻውን ዋጋ አለው፤ 4 ቴራ በሙሉ ከባክአፕ መመለስና ሦስት ክሊፕ ብቻ መመለስ አንድ አይደለም። ፋይሉን ከመለሱ በኋላ ዝርዝሩ ወዲያው ባይጠፋ አይደንግጡ፤ ሁለት ጊዜ ስክረብ እስኪያልቅ ሊቆይ ይችላል።

ስክረብ ማለት የተያዘውን ቦታ ሁሉ እያነበቡ መመርመር ነው። የሞላ 4 ቴራ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢነበብ ወደ 7 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ዜድኤፍኤስ መብራት ሲመጣ ካስቀመጠው ምልክት ይቀጥላል። ኡቡንቱ በተባለው ሊኑክስ ላይ ስክረቡ በየወሩ በሁለተኛው እሁድ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ተደርጎ ይመጣል። ማታ ማታ ሰርቨሩን አጥፍቶ የሚሄድ ስቱዲዮ እንግዲህ ስክረብ ሳይሠራ ዓመት ሊሞላው ይችላል። ሰዓቱን ወደ ሥራ ሰዓት ያዙሩት።

መልእክት የሚያስተላልፈው «ዜድ» የሚባል ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ኢሜይል አድራሻ ካልሞሉለት የሚጽፈው ለሰርቨሩ «ሩት» ተጠቃሚ ነው፣ ያንን ሳጥን ደግሞ የሚከፍት የለም። ትሩናስ የተባለውን፣ በዜድኤፍኤስ የሚሠራ የማከማቻ ሲስተም ከጫኑ ይህን ሁሉ በድረ ገጽ ስክሪን ያገኙታል፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። በሬይድዜድ (ከሙሉ ቅጂ ይልቅ የማካካሻ መረጃ በሚይዘው የዜድኤፍኤስ ሬይድ) ላይ አንድ ዲስክ ብቻ ጨምሮ ማስፋትም በ2025 ከወጣው ከኦፕንዜድኤፍኤስ 2.3 ጀምሮ ይቻላል። ከዚያ የቆየ ስሪት የጫነ ሻጭ «በኋላ ይጨመራል» ቢልዎ አይቀበሉት።

ቢቲአርኤፍኤስ

ይህም ፋይልሲስተም ነው፤ ከ2009 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ ዋና ክፍል) ውስጥ አለ። እንደ ዜድኤፍኤስ ቼክሰም ይይዛል፣ ራሱንም ያድሳል፤ መጠናቸው የተለያየ ዲስኮችም ይቀበላል። በእጁ 2፣ 3 እና 4 ቴራ ያለው ሰው እነዚህን በሬይድ 1 (ሁሉም ነገር በሁለት ዲስክ ላይ በሚጻፍበት) አጣምሮ 4 ቴራ ተኩል ያህል ያገኛል፤ ይህ ለኪስ ትልቅ እፎይታ ነው። ከሙሉ ቅጂ ይልቅ የማካካሻ መረጃ የሚይዙትን ሬይድ 5 እና 6ን ግን የራሱ ሰነድ እንኳ ለቁም ነገር ሥራ አይመክርም፤ አይሞክሩት።

ድካሙ ንግግሩ ላይ ነው። «ዲቫይስ ስታትስ» የሚለው ትዕዛዝ ለእያንዳንዱ ዲስክ አምስት ቆጣሪ ያሳያል፦ የጽሑፍ፣ የንባብ፣ የፍላሽ፣ የኮራፕሽንና የጄኔሬሽን ስህተት። ቆጣሪዎቹ እስኪሰረዙ ድረስ ይደማመራሉ፤ ዛሬ የሚያዩት 37 የትናንት ይሁን የአምና አይነግርዎትም። የፋይሉ ስም የሚገኘው ከርነሉ ሎግ (የክስተት መዝገብ) ውስጥ ነው፤ ሎጉ ካለፈ ስሙም ያልፋል። ኢሜይል የሚልክ አብሮት የሚመጣ ፕሮግራም የለም፤ ራስዎ ስክሪፕት (አጭር የትዕዛዝ ፕሮግራም) ይጽፋሉ።

ከሁሉም ይልቅ ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው። ቢቲአርኤፍኤስ ቦታውን የሚከፋፍለው አብዛኛውን ጊዜ 1 ጊጋባይት በሚሆኑ ቸንኮች ነው፤ ሬይዱም የሚሠራው በቸንክ ደረጃ ነው። ሁለት ዲስክ ካለው ሬይድ 1 አንዱ ጎድሎ «ዲግሬድድ» በሚለው አማራጭ ከተከፈተና ሥራ ከቀጠለ፣ አዲሶቹ ቸንኮች ሁለት ቅጂ የሚሆኑበት ቦታ ስለሌለ በአንድ ቅጂ ሊጻፉ ይችላሉ። የጎደለው ዲስክ ተተክቶ ሁሉ ነገር ደህና መስሎ ሲታይ፣ በዚያች ሳምንት የተጻፈው ሥራ ግን አሁንም ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። «ይህ ክፍል ጥበቃ የለውም» ብሎ የሚጮህ ነገር የለም። የሚታየው «ፋይልሲስተም ዩሴጅ» ብለው ሲጠይቁ ነው፤ «ዳታ፣ ሬይድ 1» ከሚለው መስመር ጎን «ዳታ፣ ሲንግል» የሚል ሌላ መስመር ካገኙ ጥበቃ የሌለው ክፍል አለ ማለት ነው። መፍትሔው ባላንስ (ቸንኮቹን እንደገና የሚጽፍ ትዕዛዝ) ነው፤ ዳታውንም ሜታዳታውንም (ስለ ፋይሎቹ የተያዘውን መረጃ) ወደ ሬይድ 1 ኮንቨርት እንዲያደርግ ማዘዝ፣ «ሶፍት» የሚለውን ቃል ጨምሮ። ያኔ የሚነካው የጎደላቸውን ብቻ ነው።

ሁለተኛም አለ። በመብራት መዋዠቅ ወይም በላላ ገመድ አንዱ ዲስክ ለአፍታ ጠፍቶ ቢመለስ፣ ቢቲአርኤፍኤስ ያለፈውን በራሱ አያስተካክልም። በእጅዎ ስክረብ ማስነሳት አለብዎት። ስክረቡ በመብራት ቢቋረጥም «ሪዚዩም» ካልተባለ አይቀጥልም። «ኖዳታካው» የተደረገ፣ ማለትም አዲሱ ዳታ በአሮጌው ቦታ ላይ የሚጻፍበት ፎልደር፣ ለምሳሌ ዳታቤዝ ወይም ቨርቹዋል ማሽን፣ ቼክሰም ስለሌለው ከተመለሰው ዲስክ አሮጌ ዳታ ሊነበብ ይችላል፤ ስክረብም አያገኘውም።

ኤምዲአድም ከኤክስት4 ጋር

ኤምዲአድም የሊኑክስ የሶፍትዌር ሬይድ ነው፤ ኤክስት4 ደግሞ ከላዩ የሚቀመጥ ተራ ፋይልሲስተም። ጥምሩ የቆየ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። ጤነኛውን ዲስክ በ«ዩ» ፊደል፣ የጎደለውን በሰረዝ ያሳያል፤ ማንም በአንድ እይታ ይረዳዋል። ዲስክ ሲወድቅ የራሱ ሞኒተር ኢሜይል ይልካል፤ ከዚያም በላይ የፈለጉትን ስክሪፕት ያስነሳል። ለእኛ ከተማ ጥሩው ነገር ይህ ነው፤ በስክሪፕቱ አማካይነት ሲም ካርድ ያለው የዩኤስቢ ሞደምና ጋሙ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቅሞ ኤስኤምኤስ መላክ ይቻላል። ኢንተርኔት ጠፍቶ የስልክ ኔትወርክ ሲኖር መልእክቱ ይደርሳል።

የተጎዳ ቦታን በተመለከተ ግን ዓይነ ስውር ነው። ወርሃዊው ምርመራ ሁለቱ ቅጂዎች የተለያዩበትን ቦታ ይቆጥርና ቁጥር ያስቀምጣል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አያውቅም፣ ፋይሉንም አይጠራም። «ሪፔር» ሲባል በሚረር ላይ አንዱን በሌላው ላይ ይገለብጣል፤ የተገለበጠው የተበላሸው ሊሆን ይችላል።

የሃርድዌር ሬይድ ካርድ

ያገለገለ ሰርቨር ሲገዛ አብሮ ይመጣል። ድምፅ ማሰማቱና የዲስኩን መብራት ቀለም መቀየሩ መልካም ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከዚያ ውጪ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ብሎክ ነው። ካርዱ ቢሞት ደግሞ ተመሳሳዩን ከሩቅ ማስመጣት ሊጠበቅብዎት ነው። ቀድሞውኑ ከሌለዎት አይግዙት።

ሲኖሎጂና መሰል ዝግጁ ሳጥኖች

ቴክኒሺያን ለሌለው ስቱዲዮ ምርጫችን ይህ ነው። ሲኖሎጂ ከሥር ኤምዲን (ኤምዲአድም የሚያስተዳድረውን ሬይድ) ከላይ ቢቲአርኤፍኤስን አጣምሮ ይሠራል፤ ቼክሰም ሳይገጥም ሲቀር ከሌላኛው ቅጂ አንብቦ ያድሳል። ቮሉሙ «ዲግሬድድ» ሲሆን ሳጥኑ ራሱ ይጮሃል። ሦስት ነገር ግን ያስተውሉ። ርካሾቹ ሞዴሎች ውስጥ ቢቲአርኤፍኤስ የሌላቸው አሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። የሼርድ ፎልደሩ ቼክሰም የሚበራው ፎልደሩ ሲፈጠር ብቻ ነው፤ ያኔ ካላመለከቱት በኋላ አይጨመርም። «ዳታ ስክረቢንግ» የሚለውም በየጊዜው በራሱ እንዲሠራ ቀጠሮ ያስይዙት።

ለየትኛው ሥራ የትኛው

ለሰርግ ቪዲዮና ለፎቶ ስቱዲዮ ዝግጁ ሳጥን ከቢቲአርኤፍኤስ ጋር ይበቃል። የጣና ደሴቶች ገዳማት የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ዜድኤፍኤስ ሚረር ይያዝ፤ ለዓመታት የማይከፈት ፋይል ጉዳቱ የሚደበቅበት ነውና፣ ስክረብ በየወሩ ካልሄደ ማንም አያየውም። ሦስተኛ ቅጂም ከሕንፃው ውጭ ይኑር፤ ሬይድ የሰረዙትን አይመልስም። በሐይቁ ዳር ላለ ሆቴል የደኅንነት ካሜራ፣ በየ30 ቀኑ በላዩ ላይ ለሚጻፍበት፣ ኤምዲአድም ከኤስኤምኤስ ጋር ይበቃል። ቢቲአርኤፍኤስን ብቻውን የምንመክረው ስክሪፕት መጻፍና ሎግ ማንበብ ልማዱ ለሆነ ሰው ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ዩፒኤስ ይግዙ። ዲስኩንም ይምረጡ፦ ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲስክ ያልተነበበለትን ሴክተር ደጋግሞ ሲሞክር ከ2 ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሊኑክስ ደግሞ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ከዚያ ግንኙነቱን ያቋርጥና አንዲት ሴክተር የጎደለችው ዲስክ ሙሉ በሙሉ ከሬይዱ ትወጣለች። ለናስ (በኔትወርክ ለሚያገለግል ማከማቻ) የተሠሩት ዲስኮች በ7 ሰከንድ ገደማ ተስፋ ቆርጠው «አልቻልኩም» ይላሉ፤ ሬይዱም ቦታውን ከሌላው ያድሳል። ያለዎት የዴስክቶፕ ዲስክ ከሆነ የሊኑክስን ጥበቃ ወደ 180 ሰከንድ ከፍ ያድርጉት፤ ማሽኑ ሲነሳ ወደ 30 እንዳይመለስ በስክሪፕት ያስገቡት።

ዲስክ ወድቋል ተብሎ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚይዘው የስማርት ዝርዝር ላይ ተራ ቁጥር 199ን (የማስተላለፍ ስህተት) ይመልከቱ። እሱ ብቻ እየጨመረ፣ የተበላሹና የተጠረጠሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት 5 እና 197 ዜሮ ከሆኑ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሳታ ገመዱ (ዲስኩን ከማሽኑ የሚያገናኘው) ነው፤ ገመዱን ይቀይሩት።

ዕቃውን ሲረከቡ ሻጩ ፊት ሙከራ ያድርጉ። ጥቂት ጊጋባይት ይጫኑ፣ ሲም ካርዱን ወይም ኢሜይሉን ያስገቡ፣ ማሽኑ ሳይጠፋ ዲስክ መንቀል የሚፈቅድ ሳጥን ከሆነም እየሠራ አንዱን ይንቀሉ። ድምፁ ስንት ሰከንድ ላይ እንደመጣ፣ ስልክዎ ላይ ምን እንደተጻፈ ይመዝግቡ። ዲስኩን መልሰው ሲያስገቡ ደግሞ ዜድኤፍኤስ የተለወጠውን ብቻ ይገለብጣል፤ ኤምዲአድምም ቢትማፕ (የተለወጡ ቦታዎችን የሚመዘግብ) ከበራለት እንዲሁ። ቢትማፕ ከሌለው ግን 4 ቴራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሻጩ ዘንድ 7 ሰዓት ተኩል ከመጠበቅ ቀድመው ያስበሩት።