ለድመት ግልገል የሚሸጠው የዱቄት ወተትና ትንሿ ጡጦ፦ ጅማ ላይ ይጠቅማል?

እናቲቱ ጡቷ ሞልቶ የምታጠባ ከሆነ ዕቃው አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘቡን ለእሷ ሥጋና ጉበት አውሉት። የምታጠባ ድመት ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ትበላለች።

ዱቄቱ ጥሩ ነው። የላም ወተት ለግልገል ፕሮቲንና ስቡ ያንሳል፣ ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) ደግሞ ያስቀምጣል። ልኩ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ሲወፍር ሆድ ያደርቃል፣ ሲቀጥን አያሳድግም። የተበጠበጠውን ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩ፤ መብራት ከጠፋማ ወዲያው ድፉት።

ደካማው ነገር ጡጦዋ ናት። ጫፏ ሳይበሳ ይመጣል። በጋለ መርፌ ብሱት፤ ሲዘቀዘቅ ጠብ ጠብ ማለት አለበት እንጂ መፍሰስ የለበትም። ቀዳዳው ከሰፋ ወተቱ ሳንባ ይገባል፣ በአፍንጫ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ግልገሉ በሆዱ ተኝቶ ይጥባ፤ እንደ ሕፃን በጀርባው አታንጋሉት። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። ከጠባ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጥጥ ከታች ማሸት ግድ ነው፤ እስከ 3 ሳምንት ገደማ ራሱን ችሎ አይሸናም።

የቀዘቀዘ ግልገል ግን ወተት አይፈጭም፣ መጀመሪያ ይሙቅ። ለጅማ የክረምት ሌሊት ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከካርቶኑ አንድ ጎን አድርጉ፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው።

ከጡጦዋ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ግልገሉን የምትመዝኑበት የኩሽና ሚዛን ነው። በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ካልጨመረ ችግር አለ፤ ከቀነሰ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም።