ለአሮጌ ሚያታ የቱ ጎሚኒ? ላስቲክ ወይስ ፖሊዩሬቴን

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ማዝዳ ሚያታ በአራቱም ጎማ ላይ የላይና የታች ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ ክንድ) አለው። ስለዚህ የሚያረጀው ጎሚኒ፣ ማለትም በአርሙ መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ንዝረት የሚውጥ ቁራጭ፣ ብዙ ነው።

ፖሊዩሬቴን ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይቀላል። አብዛኛው በሁለት ቁራጭ ስለሚመጣ በእጅ ወይም በሞርሳ ይገባል። መሪውም ቆፍጠን ይላል። ግን ግራሶ ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል። የመንገዱ ንዝረትም ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የፋብሪካው ዓይነት ላስቲክ ፕሬስ ይጠይቃል። ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አርሙ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይጠመዘዛል። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ቡሎኑን ካጠበቅከው፣ መሬት ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ቶሎም ይቀደዳል። አዲስ ዕቃ እንዲህ ሲበላሽ ያንገበግባል! የመጨረሻው ማጥበቅ የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ይሁን።

ለዕለት ተዕለት መንገድ እኔ ላስቲኩን እመርጣለሁ። ሚያታ ቀላል መኪና ነው፤ ምቾቱን መሠዋት አያስፈልግም። ለውድድር ሜዳ ከሆነ ግን ፖሊዩሬቴን።

የታችኛው አርም ማስተካከያ ቡሎን በዝገት ተይዞ ሊያስቸግር ይችላል፤ ዝገት ፈቺ ዘይት ከዋዜማው ርጭበት። የትኛውንም ብትገጥም አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው።