ለቢሮ ኔትወርክ ኬብል ወይስ ዋይፋይ? ኬብል ከሆነስ የቱ?

ቢሮ የሚከፍቱ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነው፣ ኬብል እንዘርጋ ወይስ ሁሉንም በዋይፋይ እንጨርሰው? እኔ ኬብል ነው የምለው። ዴስክቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ሰርቨር፣ ካሜራ፣ ከቦታው የማይነሳ ነገር ሁሉ በኬብል፣ ዋይፋዩ ለስልክና ለላፕቶፕ ይሁን።

ዋይፋይ መጀመሪያ ሲታይ ይረክሳል። ግን አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሳሪያ) ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያቺኑ ፍጥነት ነው የሚካፈለው፣ አንዱ ትልቅ ፋይል ሲያወርድ የሌላው የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጣል፣ ከዛ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት ይገዛል፣ ሶስተኛ ይጨመራል፣ እነሱም በደንብ እንዲሰሩ ከስዊቹ (ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ሳጥን) ኬብል ይሳብላቸዋል፣ ስለዚህ ከኬብል ወጪ አላመለጣችሁም።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን ኬብሉ ላይ ነው። ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው፣ ከካት 5ኢ ከፍ ያለ) ተብሎ በጣም ረክሶ የሚሸጥ አለ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የለበሰ። ኔትወርካችን ተንቀራፈፈ ያሉኝ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ሳይ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ከጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ወደ 100 ሜጋቢት ወርደዋል። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ነው የሚፈልገው፣ አሉሚኒየም ደሞ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ አንዷ ከተበጠሰች በቃ። እነሱ ስዊቹ ነው ብለው አዲስ ገዝተው ነበር። በኬብሉ ኃይል የሚያገኙት ካሜራዎችም በየጊዜው እየጠፉ ይነሱ ነበር፣ አሉሚኒየም ከመዳብ በላይ ኃይል ስለሚያባክን ራቅ ያለው ካሜራ ጋር በቂ አይደርስም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወጥቶ እንደገና ተዘረጋ፣ የእጅ ዋጋው ብቻ ከኬብሉ ዋጋ በለጠ!

ስትገዙ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ካርቶኑንም አንሱት፣ አሉሚኒየም ከመዳብ በጣም ስለሚቀል ክብደቱ ያስታውቃል። ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ።

ገንዘብ ካጠረ ንጹህ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ከውሸቱ ካት 6 መቶ እጅ ይሻላል፣ እስከ 100 ሜትር ጊጋቢት ያደርሳል። ካት 6 እስከ 55 ሜትር ድረስ 10 ጊጋቢት ስለሚችል አቅም ካለ እሱን ውሰዱ፣ ከሱም ከፍ ያለው ካት 6ኤ ግን ለጠረጴዛ ብዙም አያስፈልግም። መቆጠብ ከፈለጋችሁ ስዊች ላይ ቆጥቡ፣ ጊጋቢት እስከሆነ ድረስ ያገለገለም ይሁን፣ እሱን በአንድ ቀን መቀየር ይቻላል፣ ግድግዳ ውስጥ የገባን ኬብል ግን አይቻልም። ለየጠረጴዛው ሁለት ሁለት መስመር አስገቡ፣ ሁለተኛው የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ለባለሙያው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ደሞ እያንዳንዱን መስመር ፊታችሁ በቴስተር (በኬብል መፈተሻ) ያሳያችሁ።