ናሽናል ትሬዠር፦ ሪሞት ሳትይዙ ከቤተሰብ ጋር የምታዩት ፊልም

ከልጆችና ከእናት ጋር ሶፋ ላይ ተደርድሮ ፊልም ማየት አራት ኪሎም ይሁን ፒያሳ ያው ፈተና ነው፣ መሀል ላይ የሆነ ነገር ይመጣና አንዱ ሪሞት ይፈልጋል፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዱ ውሃ ልጠጣ ብሎ ይነሳል። ናሽናል ትሬዠርን መጀመሪያ የወደድኩት ለዚህ ነው። የወጣው በኛ ህዳር 1997 ነው (በፈረንጅ 2004)፣ ኒኮላስ ኬጅ የሚሰራበት፣ አሮጌ ነው ትሉ ይሆናል ግን ልጆቹ መቼ ተሰራ ብለው አይጠይቁም።

ታሪኩ ባጭሩ፣ የቤን (ኬጅ የሚሰራው ሰውዬ) ቤተሰብ ከዘር ዘር ሲያሳድደው የኖረ የተደበቀ ሀብት አለ፣ ካርታው ደሞ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ጀርባ ላይ በማይታይ ቀለም ተፅፏል ተብሎ ሌቦች ሊሰርቁት ሲነሱ ሰውዬው እነሱ ከሚሰርቁት እኔ ልስረቀው ይላል። ልጄ እዚህ ጋ "ታዲያ እሱም ሌባ ነዋ" አለችኝ፣ ምን ልበላት። በእውነቱ ዓለም ጀርባው ላይ ካርታ የለም፣ የ1776ቱ አዋጅ ነው የሚል አጭር ፅሁፍ ብቻ ነው ያለው።

ፊልሙን የሚይዘው ፍንጮቹ ናቸው፣ አንዱ ሲፈታ ሌላ ይወልዳል፣ የሚፈታው ደሞ ብዙ የተኮሰ ሳይሆን ታሪክ ያነበበ ነው። አባትየው ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰነዱን ገልብጠው ሎሚ ቀብተው በትንፋሽ ሲያሞቁት ፅሁፍ ብቅ ሲል እኛ ቤት ትንፋሽ የሚባል ጠፋ፣ በነጋታው ደሞ ሎሚ የሚባል ጠፋ። እውነተኛው አሰራር ትንሽ ይለያል፣ የምትፅፉበት በራሱ በሎሚው ጭማቂ ነው፣ ሲደርቅ አይታይም፣ ካውያ ሲነካው ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የልጄ ደብተር ላይ "ሀብቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው" የሚል ወጣ፣ ጥጉ ትንሽ አርሮ። ካውያውን ግን እናንተ ያዙት።

ሌላው የ100 ዶላሩ ነው። ቤን ከብሩ ጀርባ ያለውን የኢንዲፔንደንስ ሆል (አዋጁ የተፈረመበት ህንፃ) ሰዓት በውሃ ላስቲክ አጉልቶ ያያል፣ 2፡22 ይላል፣ የህንፃው ጥላ በዛ ሰዓት የሚያርፍበትን ነው የሚፈልጉት፣ አሁን ግን ሶስት ሊሆን ነው፣ አለፈን ሲሉ ጓደኛው ራይሊ አላለፈንም ይላል፣ ዛሬ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለተገፋ የድሮው 2፡22 የዛሬው 3፡22 ነው። አዋቂው ቤን የማያውቀውን እሱ በማወቁ ፊቱ ላይ ያለው ኩራት ብቻውን ያስቃል። እኛ ጋ ግን ፖዝ ተደርጎ ሌክቸር ተሰጠ፣ መጀመሪያ 3፡22 በኛ 9 ሰዓት ከ22 መሆኑ፣ ከዛ ፈረንጆች በነሱ በጋ ሰዓት እንደሚገፉ፣ እማዬ "ለፀሐይዋስ ማን ይነግራታል?" ብላ ጨረሰችው።

እንከን አለው። 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ለትንንሾቹ ይረዝማል፣ መሀል ላይ ያለው ማሳደድም በዝቷል፣ ሰነዱ የተሰረቀበት መንገድ ደሞ ትንሽ ቀለለብኝ። ቤተክርስቲያን ስር ካለው የሬሳ ሳጥን ጋ የኔ ትንሹ ትራስ ውስጥ ገብቷል፣ ከክፉዎቹም አንዱ ገደል ይገባል ግን ደም አታዩም። መሳሳም አለች፣ እማዬ ቀና እስክትል አልቃለች። እንግሊዘኛ ለማይሰሙ ደሞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሹክ የሚል ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው እኔ ስለነበርኩ ግማሹን ቀልድ አመለጠኝ።

መጨረሻው (ያላያችሁ ዝለሉት) ደስ ይላል፣ ሀብቱ ተገኝቶ ቤን ለስሚዝሶንያን፣ ለሉቭርና ለካይሮ ሙዚየሞች ይከፋፈል ብሎ ለራሱ አንድ ፐርሰንት ብቻ ይወስዳል፣ አስር ተሰጥቶት ነበር፣ ራይሊ እስከ መጨረሻው ያጉረመርማል። ልጄ ወዲያው "የኛስ ሀብት የት ነው የተደበቀው?" አለች። የኛ ምን ፍንጭ ያስፈልገዋል፣ እንግሊዞች በፈረንጅ በ1868 ከመቅደላ የወሰዱት የወርቅ ዘውድ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው፣ አድራሻው ይታወቃል፣ ያልተፈታው ማስመለሱ ነው። ከዛ በኋላ ስለ ቴዎድሮስ እስኪመሽ ስታስወራኝ ነበር፣ ከካርቱን በኋላ እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሁለተኛው ክፍል በፈረንጅ የ2007 ነው፣ ይታያል ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ፍላሽ ላይ ስታስጭኑ የመጀመሪያውን ሰብታይትል ካለው ጋር በሉ፣ እራት ቀደም ብሎ ይበላ፣ ሎሚ ደሞ ገዝታችሁ አስቀምጡ።