ለቦንሳይ የሚሆን አዛሊያ፦ ከግቢ የተነቀለ፣ ከችግኝ መሸጫ የተገዛ ወይስ የጃፓን ሳትሱኪ?

አዛሊያ የተባለውን አበባማ ቁጥቋጦ ቦንሳይ፣ ማለትም በሸክላ ውስጥ የሚያድግ ድንክ ዛፍ፣ ላድርግ ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚማረከው በአበባው ነው። አበባ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ ግንድ ነው ሥሩ ጠባብ ሸክላ ውስጥ ከታሰረ በኋላ እምብዛም የማይወፍረው። ስለዚህ ሦስቱንም አማራጮች የምመዝነው በግንዳቸው ነው።

የእኔ ምርጫ ከግቢ የሚነቀለው ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የቆዩ ሰፈሮች፣ ከመስኮት ሥር ተተክለው ሲከረከሙ የኖሩ አሮጌ አዛሊያዎች ሞልተዋል። ቤት ሲታደስ ተነቅለው ይጣላሉ። ባለቤቱን አስፈቅዶ መውሰድ ከገንዘብ ይልቅ ላብ ይጠይቃል። (ከሕዝብ መናፈሻና ከመንግሥት ደን መንቀል ግን አይታሰብም።) የአዛሊያ ሥር እንደ ጸጉር የቀጠነና ከመሬቱ ገጽ የማይርቅ ስለሆነ፣ ብርዱ አልፎ ቡቃያው ከመፈንዳቱ በፊት ዙሪያውን በአካፋ ቢቆርጡት ከነአፈሩ ይወጣል። ጤነኛ ከሆነ ቅርንጫፎቹ በሙሉ ተቆርጠው ግንዱ ራቁቱን ቢቀር እንኳ ከአሮጌው ቅርፊት አዲስ ቡቃያ ይሰጣል። ጥድ ላይ ይህን የሞከረ ዛፉን ይገድላል።

አካፋ ከማንሳት በፊት ግን ግንዱ ሥር የተነሰነሰውን የእንጨት ፍቅፋቂ በእጅ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። አንድ ወፍራም ግንድ ወደ ሥሩ እየሰፋ ከወረደ ዕድለኛ ነዎት። ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ከአፈሩ በአንድ ላይ የሚወጡ ከሆነ ይለፉት፤ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በቀድሞ ቁርጦች ላይ ጥፍርዎን ይጫኑ፤ እንጨቱ ከላላ መበስበስ ጀምሯል። ቅጠሉም ይታይ፦ እንደ ሂኖዴጊሪ ያሉት፣ ኩሩሜ የሚባሉት የአዛሊያ ዝርያዎች ቅጠላቸውም አበባቸውም ትንሽ ስለሆነ ይመቻሉ፤ በደቡብ ግዛቶች የሚዘወተረው ፎርሞሳ ግን ቅጠሉ ገዝፎ ዛፉን ያሳንሰዋል። የዚህ አማራጭ ዋጋ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በጣውላ ሳጥን ውስጥ ውኃ እያጠጡ የሚተዉበት ነው፤ አንድ ሁለት ጸደይም ያለ አበባ ማለፉ አይቀርም።

የችግኝ መሸጫው አዛሊያ ርካሽ ነው፤ ግንዱ ግን ብዙ ጊዜ ከጣት አይበልጥም። ሥሩ የታጨቀበት ብስባሽ አንዴ ከደረቀ ውኃው በዳር በዳር ይፈስሳል እንጂ መሀሉን አያርሰውም። ቅርንጫፍን ለመቅረጽ ሽቦ መጠምጠም ለመለማመድ ይጠቅማል፤ የአዛሊያ ቅርንጫፍ በቀላሉ ስለሚሰበር ልምምዱ በርካሹ ላይ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ያለፈ አልጠብቅበትም።

ሳትሱኪ የሚባለው የጃፓን አዛሊያ ሌላ ዓለም ነው። ጃፓኖች ለዓመታት ግንዱን አወፍረው፣ ሥሩን ዘርግተው ያሳደጉት ስለሆነ የሚገዙት የሌላ ሰው ዘመን ነው፤ ዋጋውም በመቶዎች ዶላር ይጀምርና ሺህ ይሻገራል። ከሌሎቹ ዘግይቶ በግንቦትና በሰኔ ያብባል። እንደ ኒኮ ያሉት የሳትሱኪ ዓይነቶች በአንድ ዛፍ ላይ ነጭ፣ ቀይና ዥንጉርጉር አበባ ይሰጣሉ፤ የኪንሳይ አበባ ደግሞ ጠባብና የተሰነጣጠቀ ቀይ ነው። ከመክፈል በፊት በዋሽንግተን በብሔራዊው የዕፅዋት ማዕከል የሚገኘውን የቦንሳይ ሙዚየም ማየት ዓይን ያስተካክላል። ሙዚየሙ ጃፓን በ1976 እ.ኤ.አ. በሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች የተጀመረ ሲሆን መግቢያው በነጻ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ጠባይ አይለወጥም። ከብዙ ዛፎች በተቃራኒ አዛሊያ የሚበረታው ከታች ነው፤ ስለዚህ ታችኛው ቅርንጫፍ በኃይል፣ ጫፉ በስሱ ይከረከማል። ይህን የማያውቅ ሰው ጫፉ ሲመነምን ዛፉ የታመመ ይመስለዋል። የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥ በበጋው ሙቀት ስለሚፈጠር ክርከማው አበባው እንደረገፈ መሆን አለበት። አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ከጃፓኗ ካኑማ ከተማ የሚመጣውና በስሟ ካኑማ የሚባለው ቢጫማ፣ ቀላል ድንጋይ ተመራጭ ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚነጣ ውኃ ማጠጫው ጊዜ በዓይን ይታያል።

ሁለት መቶ ዶላር ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ለትንሽ ሳትሱኪ ከሚያወጣው ይልቅ ካኑማ፣ ጥሩ መጋዝና የቁስል መድፈኛ ገዝቶ ቤቱን የሚያድስ ጎረቤት ቢያነጋግር እመርጣለሁ።