8 ወር ጣና ላይ ከፈጣኑ ሱፐርዙም ካሜራዬ ጋር፦ ምኑን ወደድኩት ምኑ አቃጠለኝ

ካሜራውን የያዝኩት ጥቅምት ላይ ነው፣ አሁን ሰኔ ገባ፣ ስለዚህ ድፍን 8 ወር ተጠቅሜበታለሁ። ያገለገለ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። የካምፓኒውን ስም አልጽፍም፣ በእጄ ያለው አንድ የቆየ እቃ ነው፣ በሱ ብቻ ካምፓኒ ላይ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። ግን አይነቱን ላስረዳችሁ፦ ሌንሱ ማይነቀል፣ ዙሙ 20 እጥፍ ማለትም በፊልም ካሜራ ልኬት ከ26 እስከ 520 ሚሊሜትር፣ 9 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 40 ፎቶ ሚያነሳ፣ በ4 ቀጫጭን ድንጋይ ሚሰራ።

እኔ ስራዬ ጀልባ ላይ ነው፣ ከባህር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እንግዳ እናመላልሳለን፣ ስለዚህ ፔሊካኑም ጉማሬውም በየቀኑ አይኔ ስር ነው። ዓሳ አዳኙን ንስር ግን በስልክ ስሞክረው ሁሌ ወይ ገና አልወረደም ወይ ዓሳውን ይዞ ሄዷል። ካሜራውን የገዛሁት ለዚህ ለአንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

እና እዚህ ላይ አላሳፈረኝም። ሰው ስለዚህ ካሜራ ሲያወራ 40 ፎቶ 40 ፎቶ ይላል እንጂ ለኔ ትልቁ ነገር ከመጫንህ በፊት ማንሳቱ ነው። ቁልፉን ግማሽ ተጭነህ ስትጠብቅ ካሜራው ዝም ብሎ እያነሳ የቆየውን እየጣለ ነው ሚቀመጠው፣ ሙሉ በሙሉ ስትጫን ያኔ ካለፈው ቅጽበት የተወሰነውን ጨምሮ ያስቀምጥልሃል። የሰው ጣት ይዘገያል፣ ንስሩ ውሃውን ሲነካ አይተህ እስክትጫን ድረስ ነገሩ አልቋል፣ ይሄ ግን ያለቀውን ነገር ይመልስልሃል። ህዳር ላይ አንድ ጠዋት ሞተሩን አጥፍተን ቆመን ንስሩ ወርዶ ዓሳ ሲያነሳ ዘግይቼ ነው የተጫንኩት፣ አመለጠኝ ብዬ ነበር፣ ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ግን ጥፍሩ ውሃውን ሲሰነጥቅ፣ ዓሳው ሲወጣ፣ ጠብታው ክንፉ ስር ተበትኖ፣ ሁሉም አለ። እውነት ለመናገር ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሞተሩን አጥፍተን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። 520 ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ራሱ ፎቶውን ያበላሸዋል፣ የሻተሩ (ብርሃን ሚያስገባው መከለያ) ፍጥነት ከ500ኛ ሰከንድ በታች ከወረደ በእጅ ይዞ ማንሳት ከባድ ነው፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ያርገበግብሃል። ሌላው ሙቀት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ውሃው ላይ ያለው አየር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሩቅ ያለ ነገር በሙሉ ዙም ስታነሳው የቀለጠ ይመስላል፣ ሰው ይሄን የሌንስ ችግር ይመስለዋል፣ አይደለም፣ በጣም ውድ ሌንስም ብትይዝ ያው ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ነው ለዚህ ስራ ሚሆነው።

አሁን ወደሚያቃጥለው ልምጣ። ፎከስ! 40ውን ፎቶ ሲያነሳ ፎከሱም ብርሃኑም መጀመሪያ ላይ በያዘው ይቆለፋል። ወፏ በጎን ካለፈች ችግር የለም፣ ወደ አንተ ከመጣች ግን የመጀመሪያዎቹ 5 ወይ 6 ጥሩ ይሆኑና የቀረው ሁሉ ደብዝዞ ቁጭ። ደንገል ውስጥ ያለችን ወፍ ደግሞ ጭራሽ አይይዝም፣ ደንገሉን ይይዝና ወፏን ይተዋታል። ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘሁት ዘዴ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉሯ ዓሳ አጥማጅ ወፍ ሁሌ ምትመለስባት እንጨት አለች፣ እንጨቷ ላይ አስቀድሜ ፎከስ እይዝና እጠብቃታለሁ፣ በዚህ መንገድ ከ10 ሙከራ 6 ወይ 7 ይሳካልኛል። አዳዲሶቹ ይሄን ፈተውታል፣ ለምሳሌ ሶኒ በፈረንጆቹ 2017 ያወጣው አርኤክስ 10 ማርክ 4 በሰከንድ 24 ቢሆንም ፎከሱ ወፏን እየተከተለ ነው ሚያነሳው። 40 ፎቶ ከተቆለፈ ፎከስ ጋር እና 24 ፎቶ ከሚከተል ፎከስ ጋር ምረጥ ብትሉኝ ያለምንም ማመንታት 24ቱን ነው ምመርጠው፣ አቅሙ ካለ።

40ውን ካነሳ በኋላ ደግሞ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ መጠበቅ አለ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመህ ትጨርሳለህ እሱ ገና እየጻፈ ነው፣ በዛ መሃል ጉማሬው አፉን ቢከፍት ቆሞ ማየት ብቻ ነው። ካርድ ስትገዙም ከ32 ጊጋ እንዳትበልጡ፣ እንደኔው ያሉ የቆዩ ካሜራዎች ከዛ በላይ አያነቡም፣ እኔ 64 ገዝቼ ብሬን አቃጥያለሁ።

ስሎው ሞሽን ቪዲዮው ሌላ ዓለም ነው። በሰከንድ 210 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀድቶ በሰከንድ 30 ሲያሳይህ አንዷ ሰከንድ ወደ 7 ሰከንድ ትለጠጣለች። ጥምቀት ላይ ጎረምሶቹ እስክስታ ሲወርዱ ቀዳሁት፣ በአይን አንድ መርገብገብ ሚመስለው ትከሻ ለካ መጀመሪያ ከደረት ነው ሚነሳው፣ አንገት ዘግይቶ ይከተላል፣ ደጋግሜ ነው ያየሁት። አንድ ታንኳ ሚቀዝፉ ሽማግሌ አሉ፣ አያ ብለን ነው ምንጠራቸው፣ መቅዘፊያቸው ከውሃ ሲወጣ ቀድቼ አሳየኋቸው፣ ጠብታው አንድ በአንድ ክብ እየሆነ ሲወርድ አዩና "ይሄን ሁሉ ዘመን ስቀዝፍ እንዲህ መሆኑን ሳላይ" ብለው ዝም አሉ፣ ከዛ እንደገና ክፈተው አንተ ልጅ አሉኝ። ድክመቱን ግን እወቁ፦ ድምጽ የለውም፣ ቀረጻ ከጀመርክ ዙም መቀየር አይቻልም፣ 210ሩ 480 በ360 ፒክስል ነው በስልክ እንጂ በቲቪ አይታይም፣ 1000 ሚለው ደግሞ 224 በ56 የሆነች ቀጭን ጨርቅ ነገር ነች፣ ሁለቴ ሞክሬ ተውኩት።

ብርሃን ከሌለ ግን ካሜራው የለም በሉት። በሰከንድ 210 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ፍሬም ቢበዛ 210ኛ ሰከንድ ብርሃን ነው ሚያገኘው፣ ሴንሰሩም (ብርሃኑን ሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ነው። ማታ ቤት ውስጥ በመብራት ስቀዳ ቪዲዮው ጨለም ፈካ ጨለም ፈካ ይላል፣ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር፣ ችግሩ ከመብራቱ ነው፣ የኛ ሃገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው ሚርገበገበው፣ አይናችን አያየውም እሱ ያየዋል። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምህረት መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ስዕሎች ላነሳ ስሞክርም ብርሃን ያጥረዋል። አባ ፍላሽ እንዳትነካ አሉኝ፣ ልክ ናቸው፣ ያ ቀለም ስንት ዘመን ያለፈ ነው፣ ያለ ፍላሽ ደግሞ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ400 በላይ ስታደርገው የመላእክቱ ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ለዛ ስልኬ ይሻላል።

ድንጋዩን በተመለከተ፣ ሱቅ ያለውን ተራውን አትግዙ፣ ግማሽ ቀን አይቆይም። ቻርጅ ሚደረገውን 8 ይዛችሁ 4 በ4 ቀይሩ። በሌላ በኩል ኦሪጅናል ባትሪ ፍለጋ አለመንከራተቴ ትልቅ እረፍት ነው።

ምትገዙ ካላችሁ ያገለገለ ነውና ሻጩ ፊት 40ውን አስነሱት፣ ዙሙን ጫፍ አድርሳችሁ መልሱ፣ ከዛ ሰማይ ወይ ነጭ ግድግዳ አንሱና አቧራ ነጥብ ካለ እዩ። የኔው ላይ አንድ ነጥብ ነበረች፣ ሳላያት ነው የተቀበልኩት፣ ሌንሱ ስለማይነቀል ማጽዳት አይቻልም፣ እስካሁን ጣና ሰማይ ላይ በቀኝ በኩል አለች።