ኤችፒ ላይፍ፦ ነጋዴው ወድዶ የሚመለስበት ነፃ ስልጠና

አነስተኛ ንግድ የሚያንቀሳቅስ ሰው መማር እንደሚጠቅመው ነጋሪ አያሻውም፤ የሚቸግረው ጊዜና ጉልበት ነው። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ፣ ከአቅራቢና ከሠራተኛ ጋር ሲሟገት የዋለ ሰው ማታ ረጅም ገለጻ እንዲያዳምጥ ቢጠየቅ፣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢኖረው ድካም ያሸንፈዋል። ስለዚህ ለነጋዴ የተዘጋጀን ስልጠና የምመዝነው ተማሪው በማግስቱ ወድዶ ይመለስበት እንደሆነ በማየት ነው። ኤችፒ ላይፍ በዚህ ሚዛን ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስልጠናው የኮምፒውተር አምራቹ ኩባንያ የኤችፒ በጎ አድራጎት ተቋም፣ ኤችፒ ፋውንዴሽን፣ በኢንተርኔት በነፃ የሚያቀርበው ሲሆን፣ የገንዘብ ፍሰትን (ገንዘብ ወደ እጅ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሁኔታ)፣ ትርፍና ኪሳራን፣ የዋጋ አወጣጥንና በማኅበራዊ ሚዲያ ማስተዋወቅን የመሳሰሉ አጫጭር ኮርሶችን ይዟል። ተማሪው በሚመቸው ሰዓትና በራሱ ፍጥነት ይማራል፤ አንዱን ኮርስ ሲጨርስም ሰርተፍኬት ይሰጠዋል።

ትምህርቱን የሚጥም ያደረገው በእኔ እይታ ቅደም ተከተሉ ነው። ኮርሱ አንድ ነጋዴ የገጠመውን ችግር በመተረክ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ችግሩን የሚያስረዳውን ጽንሰ ሐሳብ ያቀርባል፣ ከዚያም መፍትሔውን በኮምፒውተር እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያሳያል። ተማሪው ትርጓሜ ከመስማቱ በፊት ችግሩን ስለሚያውቀው፣ ጽንሰ ሐሳቡ ሲመጣ ሲጠብቀው የነበረ መልስ ይሆንለታል።

ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በገንዘብ ፍሰት ላይ ነው። በ100 የገዛውን ዕቃ በ150 በዱቤ የሸጠ ሰው በመዝገቡ 50 አትርፏል፤ ደንበኛው እስኪከፍለው ድረስ ግን ከእጁ የወጣው 100 አልተመለሰም፣ በዚህ መሐል የኪራይ ወይም የደመወዝ ቀን ከደረሰ አትራፊ ሆኖ ሳለ መክፈል ያቅተዋል። ትምህርቱን እንደጨረሱ የራስን ሒሳብ ኤክሴል በተባለው የኮምፒውተር የሒሳብ ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፦ የወሩ መነሻ ገንዘብ፣ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ በመጨረሻም የሚተርፈው፤ እሱም ለቀጣዩ ወር መነሻ ይሆናል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ክፍያውን በአንድ ወር ቢያዘገይ ብሎ ቁጥሩን ወደ ቀጣዩ ወር ማሻገር፣ ከዚያም የወሩ ቀሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ በዓይን ማየት፣ ነጥብና ሽልማት ከሚያድሉ መተግበሪያዎች ሁሉ በላይ ስሜትን ይይዛል። ገንዘቡ የራስ ነዋ!

ለተማሪው የሚቀር የቤት ሥራም አለ። ኮርስን መጨረስና የተማሩትን ማስታወስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ቢያስታውሱም፣ ከሳምንት በኋላ የበለጡት ግን አንብበው ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ነበሩ። ለነጋዴ ይህ ቀላል ልማድ ሊሆን ይችላል፦ ኮርሱን ዘግቶ ዋናውን ሐሳብ ከራሱ ሱቅ ወይም ድርጅት ምሳሌ ጋር በወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከቀናት በኋላም ሳያዩ እንደገና መሞከር። ጥያቄዎቹን በየጊዜው የሚያስታውስ መተግበሪያ ለሚፈልግ አንኪ የተባለው በኮምፒውተር ላይ በነፃ ይገኛል።

ኮርሶቹ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ስለሚቀርቡ፣ በእነዚህ ማንበብ የሚከብደው ሰው ብቻውን ባይጀምር እመክራለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ነጋዴዎች አንድ ኮርስ መርጠው፣ ቋንቋውን የሚችለው እያብራራ፣ የየራሳቸውን ሒሳብ እያነሡ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢወያዩበት ትምህርቱ የበለጠ ይጣፍጣል፤ የቀረ ሰው እንደሚጠበቅ ስለሚያውቅም በቀላሉ አያቋርጥም። ኮርሶቹ ለጀማሪና ሥራውን በልምድ ለተማረ ሰው የተመጠኑ በመሆናቸው፣ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ያለው ሰው የፋይናንሱን ክፍል ዘልሎ ወደ ግብይቱ ቢሄድ ይሻለዋል። ሌላው ግን በገንዘብ ፍሰት ይጀምር፤ የባለፈው ወር መዝገቡንም ከጎኑ ያስቀምጥ።